ማኅተሙን ቀበሌ ያስረከበው ተመራጭ፦ የክልል ምክር ቤት አባል አገልግሎት በሐዋሳ ሲመዘን

ሆቴል ይመዘናል፤ ጋራዥ ይመዘናል፤ የባጃጅ ጎማ የሚለጥፈው ልጅ እንኳ ኮከብ ይሰጠዋል። ተሰልፈን የመረጥነውና ወጪውን በግብራችን የምንሸፍነው ተመራጭ ግን «ጥሩ ሰው ነው» ወይም «ስልክ አያነሣም» ከመባል አልፎ ተመዝኖ አያውቅም። እዚህ የሚመዘነው አንድ የተወሰነ ዓይነት ተመራጭ ነው፤ በቀበሌ ወይም በክፍለ ከተማ ሲሠራ ሰፈሩ የሚያውቀው፣ ኋላ ለክልል ምክር ቤት የገባ ሰው። ሐዋሳ ላይ ሕዝቡ ከሌላው አባል ይልቅ ለእሱ ይደውላል። ስሙም ቤቱም ይታወቃል፤ ዛሬ «የተከበሩ» ቢባልም ትናንት «ጋሼ» ሲባል ነው የኖረው።

ፍርዱ ከፊት ይቀመጥ። ለሰፈር የጋራ ጉዳይ፣ ያውም በጊዜው ከደረሰ፣ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። ለግል ጉዳይ 1 ኮከብ፤ እሷም ቁጭ ብሎ ስለሚያዳምጥ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት የምታመጣው አንዲት ክብ ማኅተም ናት።

ሰውየው የቀበሌ አስተዳዳሪ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ማኅተምና ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ነበረው። የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የነጻ ሕክምና ማስረጃ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ይሰጣል። ሠራም አልሠራም ውጤቱ በዕለቱ ይታያል። ወንበሩን ለቅቆ ምክር ቤት ሲገባ ያ ማኅተም ለተተኪው ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በጉባኤ የሚሰጠው ድምፅ፣ በቋሚ ኮሚቴ የሚያነሣው ጥያቄና ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ሰፈሩ ይህን ልብ ስለማይል የማኅተም ጉዳይ ይዞለት መሄዱን ይቀጥላል። እሱም የድሮ ጎረቤቱን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደውና «እስቲ አያለሁ» ይላል። ተመራጩ ላይ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚወለደው ከዚህች «እስቲ አያለሁ» ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። በክልሎች የምክር ቤት አባል ሆኖ የሥራ አስፈጻሚ ወንበር የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ የቢሮ ኃላፊ ወይም የወረዳ አስተዳዳሪ የሆነ አባል ማግኘት አይከብድም። እንዲህ ያለው ሰው ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ግን የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የውክልናው አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው ነገር በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ከተመራጭነቱ የሚፈለገው ደግሞ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ይግባ። ሁለቱን ያደባለቀ ማመልከቻ ሲመላለስ ከርሞ የትም አይመዘገብም። ቅሬታው እሱ ራሱ በሚመራው መሥሪያ ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ ለእሱ መስጠት ከንቱ ድካም ነው፤ ራሱን ምን ብሎ ይጠይቅ? ለተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ሲመረጥ፣ ለክልል ምክር ቤት ግን ከአንድ በላይ ይመረጣል። ስለዚህ ከዚያው የምርጫ ክልል ሌላ አባል መያዝ ይቻላል። ስሙን የምታውቀውን አንዱን ብቻ ይዞ መቅረት፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሻጭ እያለ አንዱን ቆሞ እንደመጠበቅ ነው።

መሰላሉን ማወቅ ሰውየውን ለመገመት ይጠቅማል። በሕጉ ቀበሌም፣ ወረዳም፣ ከተማም ምክር ቤት አለው። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ ግን የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት ከታች ወደ ላይ የመጣ ሰው መሰላሉን የወጣው በአብዛኛው በፓርቲ ምደባና በሹመት ነው፤ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የታየው ለክልል ሲወዳደር ሊሆን ይችላል። ይህ ጠባዩ ላይ አሻራ ይተዋል። ሪፖርት ወደ ላይ ሲያቀርብ የኖረ ሰው በመቶኛ ማሰብ ይቀናዋል፤ «አፈጻጸሙ 87 በመቶ ደርሷል» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ ዲቹ፣ ተሠራ ወይስ አልተሠራም ብለህ ስትጠይቀው ግን ቆም ይላል። በሌላ በኩል ያው ኑሮው ትልቅ ሀብቱ ነው። ፋይል የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚተኛ፣ የትኛው ባለሙያ ሳይፈርም ኃላፊው እንደማይፈርም፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የትኛው ሂደት በየትኛው ክፍል እንደሚያልፍ ያውቃል። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የገባ አባል ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

ሐዋሳ ያለችበት የሲዳማ ክልል አዲስ መሆኑም አለበት። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ፤ ድምፅ ከሰጠው 98.5 በመቶ የሚሆነው ሲዳማ ክልል እንዲሆን መረጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ 2012 ጉዳዩን ቋጨው፤ በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት ተመረጠ። ዞን የነበረ ክልል ሲሆን ወንበር ይበዛል፤ ወንበር ሲበዛ ወረዳ ላይ የነበረ ሰው ቶሎ ከፍ ይላል። (ከዚያ በፊት ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች ከፍታው ከዚህም በላይ ነበር፤ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው ዓመታት ቀድሞ ርዕሰ መስተዳድር ሆነው የሠሩት እዚሁ ከተማ ነው።)

አገልግሎቱ በወረቀት ላይ ምን ይዟል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድርና አፈ ጉባኤ ይመርጣል፣ የካቢኔ ሹመት ያጸድቃል፣ የቢሮዎችን ሪፖርትና የዋና ኦዲተርን ግኝት ይሰማል። ይህ ሁሉ ትልቅ ይመስላል፤ ለተራው ባለጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ልዩነት ማወቁ ነው። አዋጅን ምክር ቤቱ ያወጣዋል፤ ደንብን ካቢኔው፤ መመሪያን ደግሞ ቢሮው። በቀን ተቀን ኑሮ የሚያንገላታን አብዛኛው ነገር፣ የፈቃድ እድሳት ቅድመ ሁኔታው፣ የቅጹ ብዛት፣ «ይህን ሳታመጣ አናስተናግድህም» የሚባለው ሁሉ ከመመሪያ የሚመጣ ነው። መመሪያን ለማስቀየር ጉባኤ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊውን ጠርቶ «ይህ ቅድመ ሁኔታ በየትኛው አዋጅ ላይ የቆመ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። ይህች ጥያቄ የምትከብድ ትመስላለች እንጂ መልስ የሌላት መመሪያ ስንት አለ! ስለዚህ ወደ ተመራጭ ከመሄድ በፊት መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ የመመሪያውን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት መጠየቅ፣ ቢቻል ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሣት። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

አገልግሎቱ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚከስረውም እዚህ ነው። መብራት ተቋረጠ፣ ቆጣሪ ዘገየ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ፓስፖርት ቆየ፣ ፋይዳ መታወቂያ ላይ ስም ተሳሳተ፤ እነዚህ የፌዴራል ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታሉም፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና መንገድም እንዲሁ። ለእነዚህ የክልል ተመራጭን መያዝ በስልክ አማላጅ መፈለግ ነው፤ ትክክለኛው ሰው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። ውሃ፣ መሬት፣ ንግድ ፈቃድ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ አዳሬ ሆስፒታል ደግሞ በክልሉና በከተማው እጅ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ ኮብልስቶን፣ የሰፈር ዲችና የመንገድ መብራት የከተማው ናቸው፤ ከተማው የራሱ ምክር ቤትና የራሱ የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለው። የክልሉ ተመራጭ በእነዚህ ላይ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው።

ፍርድ ቤት የያዘው ጉዳይ ጨርሶ አይነካም። ዳኞች ከሕግ በቀር በማንም እንደማይመሩ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ደንግጓል። ዳኛ ዘንድ እደውላለሁ የሚል ተመራጭ ካጋጠመ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ሽሽ።

የከፋው ጉዳት ግን ከእንቢታ አይመጣም፤ ከመጠበቅ ይመጣል። «ጋሼ ይዞልኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ቀኑ ያልፍበታል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የይግባኝ ጊዜው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ 60 ቀን ነው። ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም እንዲለቀቅ ትእዛዝ ሲደርስ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አቤቱታ ሰሚው ዘንድ ማመልከቻ የሚገባው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከሥራ ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ሲሆን፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይታገዳል፤ ይህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ያለችበት ቤት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ። የግብር ውሳኔ ሲሆን ጊዜው ከዚህም ሊያጥር ስለሚችል የውሳኔ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ነው። ለምክር ቤት የገባ ማመልከቻ ከነዚህ ቀናት አንዱንም አያቆምም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ ቀድሞ ግን በሕጉ ቀን የሚቆጠርበት ይግባ፣ ከዚያ ተመራጩ ይያዝ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሐይቅ ዳር ማኪያቶ ላይ የተነገረ ጉዳይ መዝገብ የለውም። ተመራጩ በቅንነት ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሒሳቡንም ሊከፍል ይችላል፤ ማክሰኞ ሲመጣ ግን ሌላ አሥር ሰው አናግሮ ይሆናል። የሚሠራው ወረቀት ነው። ከላይ በግራ «ለ» ተብሎ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ በስተቀኝ ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦» ብሎ አንድ መስመር። ሰውነቱ ከአንድ ገጽ አይለፍ። አባሪ ካለ የገጹ ብዛት በቁጥር ይጻፍ፤ «አባሪ 6 ገጽ» ካልተባለ አንዱ ገጽ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ከታች «ግልባጭ፦» ተብሎ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴና ለተመራጩ በስሙ። ሦስት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ ለተመራጩ፣ ሦስተኛው «ገቢ» ተብሎ ቁጥርና ቀን ተመትቶበት ወደ ባለጉዳዩ የሚመለስ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ስለሆነ ጭብጡን በግማሽ ገጽ ሲዳሙ አፎ ማያያዝ ፋይሉን ከትርጉም ወረፋ ያድነዋል።

ፊርማ የሚሰበሰብ ከሆነ በዕድር በኩል ቢሆን ይመረጣል። ዕድሩ የአባላት ዝርዝር፣ ሊቀ መንበርና ብዙ ጊዜም የራሱ ማኅተም አለው፤ ስለዚህ «እነዚህ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ ይመለሳል። በጣም የተለመደው ስሕተት ፊርማውን ባዶ ወረቀት ላይ ሰብስቦ ኋላ ከማመልከቻው ጋር በስቴፕለር ማያያዝ ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለስብሰባ መገኘት የተፈረመ ይሁን ለቅሬታ አይታወቅም፣ ወዲያው ይጣላል። እያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ የጥያቄው ጭብጥ በሁለት መስመር ተጽፎ፣ ከሥሩ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። አርባ አባወራ በዚህ መልክ ከፈረመ አራት መቶ ያልታወቀ ፊርማን ይረታል።

ጥያቄው ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ታቦር ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ሰፈር ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ግቢ ይገባበታል እንበል። ሰዉ የሚጽፈው «ዲች እንዲሠራልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብሎ ነው። መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፤ «ጥያቄው አግባብ ነው፣ በጀት ሲፈቅድ ይታያል»። አሁን እንዲህ ቢጻፍስ፦ «ከዋናው አስፋልት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ላለው 300 ሜትር መንገድ በዚህ በጀት ዓመት የካፒታል በጀት ተይዟል ወይ? ከተያዘ ስንት ብር ነው፣ ስንቱ ወጣ? ካልተያዘ ከክፍለ ከተማው ዕቅድ ውስጥ በማን ውሳኔ ወጣ?» ሦስቱም ጥያቄ «ይታያል» ተብሎ አይመለስም። ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩን ለማምጣት ኃላፊው ፋይል መክፈት አለበት። የቀድሞ የቀበሌ ሰው ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የክፍለ ከተማ ዕቅድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ስለሚያውቅ መልሱ ሲሸፋፈን ይገባዋል። መደበኛ በጀት ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታል በጀት ግንባታ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አይባክንም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር «ተመርቷል» ይባላል። ማመልከቻው ምክር ቤት ገባ፤ ጽሕፈት ቤቱ ኅዳግ ላይ «ለሚመለከተው» ብሎ መራው፤ የሚመለከተው ደግሞ ቅሬታ የቀረበበት ያው መሥሪያ ቤት ሆነ። ወረቀቱ ከሳምንታት በኋላ ቅሬታ የቀረበበት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ እሱም «ባለጉዳዩ በአካል ይቅረብ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የሚሆነው በክፋት ብቻ አይደለም፤ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ራሱ የሚያጣራ ባለሙያ በብዛት የለውም። ማምለጫው በማመልከቻው መጨረሻ መስመር ላይ ነው። «እንዲፈታልን» ከማለት «ቋሚ ኮሚቴው ከመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ መልስ ተቀብሎ ግልባጩን እንዲያሳውቀን» ተብሎ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ ቢመራም እንኳ መልሱ የሚመለሰው ወደ ኮሚቴው ነው። ተመራጩን በየሳምንቱ «ጉዳዬ ምን ደረሰ?» እያሉ ከማሰልቸት የመዝገብ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ልኮ «በዚህ ቁጥር መልስ መጥቷል ወይ?» ማለት ይሻላል፤ ለዚህ አንድ ጊዜ ጸሐፊዋን መጠየቅ ይበቃዋል።

ጊዜው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የክልሉ በጀት ብዙውን ጊዜ የሚጸድቀው በዚያው ሰሞን ነው። ቢሮዎችና ክፍለ ከተሞች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ግን ወራት ቀደም ብሎ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። የሰፈሩ ሰው የሚጮኸው መቼ ነው? ሐምሌ ላይ፣ ጎርፉ ሳሎን ሲገባ! ያን ጊዜ በጀቱ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ተመራጩ የሚችለው መጥቶ ጭቃውን መርገጥና ማዘን ብቻ ነው። ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ፎቶው ራሱ ይለጠፋል፤ ሰፈሩም «ፎቶ ሊነሣ መጣ» ብሎ ያማዋል። ጥፋቱ የሁለቱም ነው። የሐምሌው ፎቶና ቪዲዮ ይቀመጥ፤ የቤቶቹ ቁጥርና የውሃው ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ጥር ላይ ከማመልከቻው ጋር አባሪ ሆኖ ይግባ። ፀሐይ እየሞቀ ስለ ጎርፍ የሚያወራ ሰው እብድ ይመስላል፤ ዲች የሚሠራለት ግን እሱ ነው።

የአምስት ዓመቱ የሥራ ዘመንም እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት በሹመትና በሥልጠና ያልፋል፤ ተመራጩ ገና የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ ያጣራል። አራተኛውና አምስተኛው የፓርቲው የዕጩ ምርጫ የሚሸትበት ጊዜ ስለሆነ አባሉ ቢሮ ኃላፊ ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ ለማንሣት ያመነታል፤ ነገ በዕጩነት ላይ አስተያየት የሚሰጠው ማን እንደሆነ አይታወቅምና። ከሁለተኛው አጋማሽ እስከ አራተኛው መግቢያ ያለው ነው ፍሬ ያለው። ከባድ ጉዳይ ያለው ሰፈር በዚያ መሐል ያስገባ። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ለትንንሽ ነገር፣ ለአንድ የመንገድ መብራት፣ ለአንድ የቦኖ ውሃ ጥገና ሰውየው እንደ ንፋስ ይፈጥናል፤ ይህንንም መጠቀም ነውር የለውም።

ዋስትናውስ? ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እምነት የታጣበትን ተመራጭ ሕዝብ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ጽፏል። በተግባር ግን ሰው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ምርጫ ነው፤ ስለዚህ በዚህ በኩል 2 ኮከብ።

ከአማራጮቹ ጋር ሲተያይ እንዲህ ነው። የግል የአስተዳደር በደል ከሆነ፣ ለምሳሌ ፋይል ተሰወረ፣ ያለምክንያት ተከለከልኩ የሚል ከሆነ፣ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሻላል፤ ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው፣ መርማሪም አለው፣ ከመሥሪያ ቤት ሰነድ ይጠይቃል። የጎረቤት የወሰን ጭቅጭቅን ወደ ተመራጭ መውሰድ ቂም መግዣ ነው፤ እሱ ከአንዱ ወገን የቆመ ሲመስል ሌላው ወገን ድምፁን ይነፍገዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ይሸሻል። ለዚያ ሽማግሌ አለ፤ ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባለው «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ ሁሉንም ወገን የማናገር ሥርዓት ከማንኛውም ኮሚቴ በፊት የነበረ ነው። ተመራጩ ቢመጣ እንኳ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ይስማ።

አገልግሎቱ ከሁሉ የሚያምርበትን አንድ ቦታ ሳናነሣ አንለፍ፤ የመስክ ምልከታ ነው። በጀቱ ተይዞ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ኮንትራክተር ገባ እንበል። ቋሚ ኮሚቴ ሥራውን ለማየት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መጥቶ፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ይመለሳል። የሰፈሩን ቁልቁለት የሚያውቅ የድሮ የቀበሌ ሰው አብሮ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠዋት እንዲመጣ ቀድሞ ይነገረው፤ የውሉን ርዝመትና ጥልቀት የያዘ ወረቀት ኮፒ ይሰጠው፤ ሜትር የያዘ አንድ ጎልማሳ ከጎኑ ይቁም። ጥልቀቱ በሦስት ቦታ ይለካ፤ መጀመሪያ፣ መሐል፣ መጨረሻ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መሐሉ ነው፣ ቋጥኝ ያጋጠመበት። ክዳኑ የሚነሣ መሆኑ ይታይ፤ በሲሚንቶ የተጣበቀ ክዳን በሁለተኛው ክረምት በላስቲክና በደለል ይደፈናል። ከዚያ ከላይ በኩል 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይፍሰስና ታች አፉ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ይጠብቅ። ውሃው መሐል ላይ ከተኛ የወለሉ ዝቅታ ተበላሽቷል። የክፍያ ሰርተፍኬቱ ሳይፈረም ያንን ያየ ተመራጭ ወደ ማዘጋጃ ቤት አንድ ስልክ ቢደውል ያን ቀን ማኅተም አላስፈለገውም።